በኮምፒዩተር ውስጥ ጽሑፍ እንዴት ይገለበጣል?



ዛሬ የምናገረው በኮምፒዩተር ውስጥ ጽሑፍ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ስለሚገለበጥበት አሠራር ነው። ነገሩ የባለሙያ ጕዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ዳሩ ግን የፊደላችን ዕድል በዚሁ ሥራ ውስጥ ስላለበት፥ አማርኛ የሚጽፍ ሁሉ ቢያውቀው መልካም ነው።

አሴምብሊ በሚባለው፥ ለመኪናው ቋንቋ እጅግ በቀረበው አጻጻፍ፥ ቀላሉ መንገድ ባይት በባይት መገልበጥ ነው። የጽሑፉም ፍጻሜ በሲ ቋንቋ ልማድ ዜሮ በሆነ ባይት ይታወቃል። በእያንዳንዱ ዙር 6 ትእዛዝ ይፈጸማል፤ ይኸውም ባይቱን ማንሣት፥ ማኖር፥ ሁለቱን አድራሻዎች በየተራ በ1 ማሳደግ፥ ያነሡት ዜሮ እንደ ሆነ መመርመር፥ ካልሆነም ወደ ዙሩ መጀመሪያ መመለስ ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አሠራር አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፥ 1,000 ፊደላት ከመዝጊያው ዜሮ ጋራ 3,001 ባይት፥ ትእዛዙም 18,006 ይሆናል።

ለሁለቱ አድራሻዎች አንድ ቆጣሪ ቢበጅላቸው ከ6ቱ ትእዛዝ አንዱ ይቀራል፤ ይህ ግን ትንሽ ቍጠባ ነው። ትልቁ ቍጠባ 8 ባይት ባንድ ጊዜ ማንሣት ነው፤ ያን ጊዜ ዙሩ ወደ 376 ይወርዳል። ነገር ግን ከ8ቱ መካከል ዜሮ መኖሩ በምን ይታወቃል? ብልሃቱ ከእያንዳንዱ ባይት 1 መቀነስ ነው፤ ዜሮ የነበረው ባይት ይበደርና የላይኛው ቢት ይበራል። የእንግሊዝኛ ፊደላት የላይኛ ቢታቸው ምን ጊዜም የጠፋ ስለ ሆነ ለእነርሱ ይኸው ይበቃል። የአማርኛ ፊደል የመጀመሪያ ባይት ግን ሁልጊዜ 225 ነው፤ 1 ቢቀነስለት 224 ሆኖ የላይኛው ቢት እንደ በራ ይቀራል። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ብቻ ታስቦ የተቀመረ ፕሮግራም በየፊደላችን «ዜሮ አገኘሁ» እያለ ይቆማል። ቆሞ ደግሞ ቢመረምር ከቀላሉ መንገድ ይልቅ ይዘገያል፤ ሳይመረምር ቢያምን ጽሑፉን ይቈርጣል። መድኃኒቱ ከመቀነሱ በፊት በርቶ የነበረውን የላይኛ ቢት ከውጤቱ መሰረዝ ነው።

ሌላም አደጋ አለ። ማስታወሻው እንደ ልማድ በ4,096 ባይት ገጽ የተከፈለ ነው። 8 ባይት የሚያነሣ ትእዛዝ ድንበሩን አልፎ ወዳልተፈቀደ ገጽ ቢገባ፥ ፕሮግራሙ ወዲያው ይገደላል። ይህ እንዳይሆን የመነሻው አድራሻ ለ8 እስኪካፈል ድረስ አንድ አንድ ባይት ይገለበጣል፤ ከዚያ ወዲያ ድንበር መሻገር አይኖርም።

በዩቲኤፍ-16 የተጻፈ ጽሑፍ ለዚህ ሥራ ከተሰጠ ግን ነገሩ ይከፋል። የ«ሀ» ቍጥር 4608 ነው፤ ይህም 18 ጊዜ 256 ስለ ሆነ ትንሹ ባይቱ ዜሮ ነው። የ«ጀ»ም 4864 እንዲሁ ነው። ትንሹን ባይት በሚያስቀድሙ መኪናዎች ላይ «ሀገር» ወይም «ጀግና» የሚለው ቃል ገና በመጀመሪያው ባይት ያልቅና ባዶ ጽሑፍ ይገለበጣል። («አገር» ብሎ በአሌፉ አ የሚጽፍ ሰው ሳያውቀው ይድናል።) ስለዚህ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚገለብጥ ሁሉ ዜሮን በባይት ሳይሆን በሁለት ሁለት ባይት ይመርምር፤ ፕሮግራሙንም ሲፈትን በእነዚህ በሁለቱ ቃላት ይጀምር።