ኮምፒዩተር ሲታደስ የአባሉ ስም እንዳይጠፋ



የማዳበሪያ ዕዳ፣ የአባላት ዕጣና የምርት ግዢ በኮምፒዩተር መመዝገቡ ሥራን አቃልሏል። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተርም ፕሮግራምም በየጊዜው መታደሳቸው አይቀርም። በእድሳት ጊዜ ዋናው ፕሮግራም ደህና ሆኖ በላዩ የተጨመረው ክፍል ብቻ የሚሰናከልበት ጊዜ አለ።

የአማርኛ ጽሕፈት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ቀደም ሲል የግዕዝ ፊደል በዊንዶውስ ውስጥ ስላልነበረ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች ለብቻ ይጫኑ ነበር። የቀድሞዎቹ ፊደሎች በላቲን ፊደላት ቦታ የተቀመጡ በመሆናቸው፣ ኮምፒዩተሩ ታድሶ እነርሱ ሳይጫኑ ሲቀሩ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ተካተተ፤ በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፊደል ይዞ መጣ። ወደ ዩኒኮድ ያልተለወጡ የቆዩ ሰነዶች ግን ዛሬም ያለ ቀድሞው ፊደል አይነበቡም።

እንዲህ ያለ ብልሽት ሲደርስ ሥራው ሁሉ መቆም የለበትም። አኃዙ ትክክል እስከሆነ ድረስ በአባልነት ቁጥርና በእጅ በሚጻፍ ደረሰኝ መቀጠል ይቻላል። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ያሳየው የስህተት ማስታወቂያ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም፤ የትኛው ክፍል፣ መቼ እንደተሰናከለ ተመዝግቦ ቁጥጥር ኮሚቴው ሊያውቀው ይገባል።

ከሁሉም በፊት መጠባበቂያ ቅጂ ይያዝ። ለምሳሌ በፒችትሪ አዲስ እትም የተለወጠ የሂሳብ መዝገብ በአሮጌው እትም ተመልሶ አይከፈትም። እድሳቱም በቅድሚያ በአንድ ኮምፒዩተር ይሞከር፤ የበልግ ግብዓት በሚሠራጭበት ሰሞን ደግሞ አይጀመር።

ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ ለባለሙያው «ተጨማሪ» የሆነው ለአባሉ ዋና ሊሆን ይችላል። ስሙን በደረሰኙ ላይ ማንበብ ያልቻለ ገበሬ፣ የተጻፈበት የማዳበሪያ ዕዳ የራሱ መሆኑን በምን ያረጋግጣል? በመሆኑም የትኛው ክፍል ለጊዜው ሊቆይ እንደሚችል፣ የትኛው ከተሰናከለ እድሳቱ ወደኋላ እንደሚመለስ ሥራ አመራር ኮሚቴው አባላትን አማክሮ አስቀድሞ ይወስን። ውሳኔው በእድሳቱ ዕለት ለባለሙያው ብቻ የሚተው አይደለም።

መዝገቡ የአባላት ነው።