ጥልቅና ጥርት ያለ የቤዝ ጊታር ድምፅ በባንድ ውስጥ



ቤዝ ተጫዋች ድምፁ በባንዱ መካከል ሲጠፋበት እጁ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ አምፕሊፋየሩ የቤዝ ቁልፍ ነው። ቁልፉን ያዞራል፤ መድረኩ ይንቀጠቀጣል፤ ዜማው ግን አሁንም አይሰማም። በዚህ ንግግር ላሳያችሁ የምፈልገው፣ ለአድማጭ ጥልቀቱን የሚያደርስለት ወፍራሙ ድምፅ ብቻውን ሳይሆን ከእርሱ በላይ ያለው መካከለኛው ክፍል መሆኑን ነው።

ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ላይ ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ሆኖም ክሩ አንድ ድምፅ ብቻ አያወጣም፤ 82፣ 123፣ 165 ሄርዝ እያለ የሚወጣ የሃርሞኒክ መሰላል አብሮት አለ። የእጅ ስልክ ትንሽ ስፒከር 41 ሄርዝን ለማሰማት አቅም የለውም። እንዲያም ሆኖ በስልካችን ዘፈን ስናዳምጥ የቤዙን ዜማ እንከተላለን፤ ጆሮ በሃርሞኒኮቹ መካከል ካለው እኩል ርቀት ተነሥቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋልና።

ይህን የበገና ሠሪዎች በእጃቸው ያውቁታል። በበገናው ክርና በብርኩማው መካከል የምትገባው እንዚራ የተባለች ትንሽ ቆዳ ክሩ ሲርገበገብ እየነካችው ያን የታወቀ ንዝረት ታወጣለች። ያ ንዝረት የላይኞቹ ሃርሞኒኮች ብዛት ነው። እንዚራዋ ብትወጣ በገናው ይደክማል፤ ጥልቀቱም አብሮ የሚቀንስ ይመስላል። ለእኔ ከዚህ የተሻለ የቤዝ ድምፅ ትምህርት የለም።

ጉዳዩ የምርጫ ብቻ አለመሆኑን ለማየት አንቺሆዬን እንውሰድ። በዚህ ቅኝት የመጀመሪያውና ሁለተኛው ድምፅ በግማሽ ቃና ብቻ ይራራቃሉ። ቅኝቱን ከወፍራሙ ክር ብንጀምር አንዱ 41.2፣ ሌላው 43.7 ሄርዝ ነው፤ ልዩነታቸው ሁለት ተኩል ሄርዝ ብቻ። ስምንተኛ ሃርሞኒኮቻቸው ግን 330 እና 349 ላይ ስለሚያርፉ በመካከላቸው ወደ ሃያ የሚጠጋ ርቀት አለ፤ ጆሮም በዚያ ከፍታ ድምፅን ከድምፅ የሚለየው እጅግ በተሻለ ሁኔታ ነው። መካከለኛውን ክፍል ቀንሶ ወፍራሙን ብቻ የሚያሳብጥ ተጫዋች እንግዲህ የሚያጠፋው ቅኝቱን ራሱን ነው። ድምፃዊው አንቺሆዬ ይዘፍናል፤ ከሥሩ የሚሰማው ግን ስም የሌለው ጉምጉምታ ነው።

ታዲያ ልምምድ ላይ ያማረው ድምፅ መድረክ ላይ ለምን ይበላሻል? ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንደታየው፣ ጆሮአችን በዝቅተኛ ድምፅ መጠን ለወፍራም ድምፆች ደካማ ነው፤ መጠኑ ሲጨምር ግን ድክመቱ እየጠበበ ይሄዳል። ተጫዋቹ ቤቱ ውስጥ ቀስ ብሎ እየተጫወተ ቤዙን እስኪጠግብ ይጨምራል። ያው አቀማመጥ መድረክ ላይ ከፍ ሲል ከመጠን ያለፈ እብጠት ይሆናል። በዚህ ላይ የ41 ሄርዝ ሞገድ ርዝመት ስምንት ሜትር ከሩብ ያህል ስለሆነ አዳራሹ ራሱ አንዱን ድምፅ ያጎላል፣ ሌላውን ይውጣል፤ አምፕሊፋየሩ ማእዘን ውስጥ ከተቀመጠ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ድምፅ የሚስተካከለው ባንዱ ሙሉ በሙሉ እየተጫወተ ነው። ብቻውን ሲሰማ ትንሽ ሸካራ፣ ትንሽም አፍንጫዊ የሚመስል ቤዝ ከሌሎቹ ጋር ሲሆን ልክ ሆኖ ይገኛል፤ ይህን ለማመን ለተማሪዎቼ ጊዜ ይፈጅባቸዋል።

በተግባር ሁሉንም ቁልፎች መሐል ላይ አድርጌ እጀምራለሁ። ከ30 ወይም ከ40 ሄርዝ በታች ያለውን እቆርጣለሁ፤ የስፒከሩን ጉልበት ከመብላት በቀር ለአድማጩ የሚሰጠው ጥቂት ነው። ጭጋጉ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሄርዝ አካባቢ ስለሆነ ከዚያ ጥቂት እቀንሳለሁ፤ ብዙ ከተቀነሰ ግን ድምፁ ሥጋ ያጣል። ከ700 እስከ 1000 ባለው ላይ በመጠኑ እጨምራለሁ። ኪክ ድራሙ 60 ሄርዝ አካባቢ ከበረታ ቤዙ ከፍ ብሎ 90 ወይም 100 ላይ ቦታውን ይያዝ፤ ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ሊቀመጡ አይችሉም። ኮምፕረሰር ይረዳል፤ ያልተስተካከለ እጅን ግን አያድንም።

ጥራት ማለት የሚወጋ ስል ድምፅ ማለት እንዳልሆነም ልብ በሉ። የሞታውኑ ጄምስ ጄመርሰን ለስላሳ ጠፍጣፋ ክሮች ይጠቀም ነበር፤ ብሪጁ ዘንድ ስፖንጅ ነበረበት፤ የሚመታውም በአንዲት ጣት ነበር። የላይኞቹ ስል ድምፆች እምብዛም አልነበሩትም፤ መካከለኛው ግን ነበረው፤ እያንዳንዱም ድምፅ መጀመሪያና መጨረሻ ነበረው። ይህ ሁለተኛው ነገር ከማናቸውም ቁልፍ ይበልጣል። በችክችካ ምት አንዱ ድምፅ በአዳራሹ ውስጥ ሳይጠፋ ሌላው ከተደረበበት ምቱ ይደበዝዛል፤ በግማሽ ቃና የሚራራቁ ከሆኑ ደግሞ እርስ በርስ እየተጋጩ ይንቀጠቀጣሉ። የግራ እጅ ጣት ክሩን በጊዜው ለቅቃ ድምፁን መዝጋት አለባት። ጆቫኒ ሪኮ ከአይቤክስና ከሮሃ ባንድ ጋር የተጫወታቸውን ሥራዎች ስታዳምጡ ቤዙ የት እንደሚጀምር ብቻ ሳይሆን የት ዝም እንደሚልም ተከታተሉ።

አሁን ባንዱ ተዘጋጅቷል። አንድ የአንቺሆዬ ሐረግ ሦስት ጊዜ እናሰማችኋለን፤ መጀመሪያ የቤዝ ቁልፉ እስከ መጨረሻው ተጨምሮ፣ ቀጥሎ ቁልፎቹ ሁሉ መሐል ላይ ሆነው፣ በመጨረሻ መካከለኛው ክፍል ከፍ ብሎና ድምፆቹ አጥረው። በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ድምፅ በየትኛው ዙር እንደለያችሁ ጻፉልን፤ ከኋላ ረድፍ ያላችሁ የተቀመጣችሁበትንም ቦታ ጨምሩበት።