የልጅ ልጅና የጡረታ መብት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አጀንዳው ብዙ ስለሆነ አላስረዝምባችሁም። የተማርኩት ጥቂት ነው፤ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ግን በመዝገብ ቤት ነውና ወረቀት ሲጠፋ ምን እንደሚያጠፋ አውቃለሁ።

በሰበታም በቡራዩም በሱሉልታም የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ አረጋውያን በየሰፈሩ አሉ። በየፋብሪካው ተቀጥረው ከነበሩት ልጆቻችን አንዳንዶቹ በሞት ተለዩን፤ ሕፃናቱም አያት ጉያ ገቡ። ልጁ አያቱን «አባባ» እያለ ያድጋል፤ ጎረቤትም የእገሌ ልጅ ይለዋል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

በ2003 ዓ.ም. የወጡት የጡረታ አዋጆች፣ ማለት 714 ለመንግሥት ሠራተኛ፣ 715 ለግል ድርጅት ሠራተኛ፣ ተተኪ የሚሉት የሟችን ሚስት ወይም ባል፣ 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ፣ በሟችም ይጦሩ የነበሩትን ወላጆች ነው። ለሚስት ወይም ለባል የአበሉን ግማሽ፣ ለአንድ ልጅ 20 በመቶ ደነገጉ። በ2014 ዓ.ም. በ1267ና በ1268 ሲተኩም የልጅ ልጅ በስሙ አልገባበትም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንድ የማውቀው ቤት ልንገራችሁ። ጡረተኛው አያት ሲያርፉ ባለቤታቸው ሁለቱን የልጅ ልጆች ይዘው ለልጆቹ አበል ሊጠይቁ ሄዱ። አይገባቸውም ተባሉ። አልቅሰው ተመለሱ። የልጆቹ እናት ግን እኮ ከመሞቷ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ ፋብሪካ ሠርታለች! 7 በመቶ ከደመወዟ ሲቆረጥ፣ አሠሪው 11 በመቶ ሲጨምር ኖሯል። የልጆቹ መብት በአያት በኩል ሳይሆን በእናታቸው በኩል ነበር። ብዙ ሰው ጡረታ የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ይመስለዋል፤ ይሄ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ቀርቷል። ሟች 10 ዓመት ካገለገለ ወርኀዊ አበል አለ፤ ካነሰ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ዳረጎት ነው። ልጁ 18 ከሞላው ግን ወርኀዊው አበል ያልፈዋል። ስለዚህ ነው የምቸኩለው።

ለዚህ የሚያስፈልገው የእናት ወይም የአባት የሞት ማስረጃ፣ የልጁ የልደት ማስረጃ፣ የሟች የጡረታ መለያ ቁጥርና አያት ከፍርድ ቤት የሚያወጡት የሞግዚትነት ወረቀት ነው። ስም እንዳይለያይ፤ አንዱ ላይ «ወልደ ማርያም» ሌላው ላይ «ወልዴ» ከሆነ መከራ ነው።

ወላጁ መዋጮ ያልነበረው ከሆነስ? ጉዲፈቻ አለ። ቃሉም ራሱ ከኦሮምኛ የመጣ የአገራችን ነው። ድሮ በሽማግሌ ፊት ያልቅ ነበር፤ ዛሬ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ወረቀት የለውም። ከጸደቀ ግን የቤተሰብ ሕጉ እንደ ወለዱት ይቆጥረዋል። ይህ የሚሆነው ጉዲፈቻ አድራጊው በሕይወት ሳለ ነው። ውሳኔውን ይዛችሁ ጡረታ ቢሮ በሕይወት ሳላችሁ ጠይቁ።

ለሥራ አመራር ኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በእድራችን የቤተሰብ መዝገብ ላይ ለልጅ ልጅ አንድ ዓምድ ይጨመር፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ወላጁ የት ይሠራ እንደነበረና መቼ እንደሞተ ይጻፍበት። ፈቃዳችሁ ከሆነ በሚመጣው ወር ስብሰባ ከጸሐፊው አጠገብ ተቀምጬ እጽፋለሁ፤ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ።