«እሺ» ስንት ቀን ይፈጃል?
በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን ስለ አይ.ሲ.ቲ. ፕሮጀክቶች የሥራ ወሰን የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ «ስለ አይ.ሲ.ቲ. ፕሮጀክት የሆነ ነገር በላቸው» ብለው ሃያ ደቂቃ ሰጡኝ። ርዕሱን የማጥበቡን ሥራ ለእኔ ስለተዉልኝ፣ ስለ ማጥበብ ራሱ ባወራ ይሻላል።

በየቢጋሩና በየጨረታ ሰነዱ «የሥራው ወሰን» የሚል ክፍል አለ፤ በቢሮ አነጋገራችን «ስኮፕ» የምንለው ማለት ነው። ከሥሩ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ዘመናዊ፣ ቀልጣፋና የተቀናጀ ሲስተም መዘርጋት» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ይህ ምኞት ነው እንጂ ወሰን አይደለም። ገበሬ የወሰን ድንጋይ የሚተክለው የጎረቤቱ ማሳ ከሚጀምርበት ላይ ነው። የሲስተምም ወሰን የሚታወቀው «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» የሚለው በጽሑፍ ሲሰፍር ነው።

ሁላችንም የምናውቀውን ሪጅስትራር እንውሰድ። «የተማሪዎች ምዝገባ በኦንላይን ይሁን» ተባለ እንበል። አድ እና ድሮፕ ይጨምራል? መምህሩ ግሬድ የሚያስገባው በዚያው ነው? የዶርም ድልደላውስ? የወጪ መጋራቱስ? በወረቀት ፋይል የተቀመጠውን የድሮ ተመራቂ ሪከርድ ማን ያስገባዋል? ይህ የመጨረሻው ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነው፤ ግን ሲስተሙ አልቆ «ዳታው የታል?» እስኪባል ድረስ ስሙን የሚያነሳ የለም።

«አማርኛ ይደግፋል» የምትለዋን አጭር ሐረግ ደግሞ ተመልከቱ። የስክሪኑ ጽሑፍ ብቻ በአማርኛ ይሁን ማለት ነው? ወይስ «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችን ተማሪ «ጸሀይ» ብሎ የፈለገ ሠራተኛም ያገኛታል? የመጀመሪያው የትርጉም ሥራ ነው። ሁለተኛው የፍለጋውን አሠራር ይነካል። የዘመን አቆጣጠሩም እንደዚያው ነው፦ አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ሶፍትዌር ከውጭ ገዝተን ሲያበቃ፣ አንዴ አምስት አንዴ ስድስት ቀን የምትሆነው ጳጉሜን የት ትግባ? የአባት ስም «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሣጥን ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ? እነዚህን በመጀመሪያው ሳምንት የጠየቀ ሰው ነገር አካባጅ ይባላል። በመጨረሻው ወር የጠየቀ ደግሞ ፕሮጀክቱን ያዘገየ ይባላል። እኔ አካባጅ መባሉን እመርጣለሁ።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ብዙ ወገኖቻችን ወደሚኖሩባት ወደ ዴንቨር ልውሰዳችሁ። የከተማዋ አዲስ አየር ማረፊያ ሥራ ይጀምራል ተብሎ የነበረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1993 መጨረሻ ነበር። በኮምፒውተር የሚታዘዘውን የሻንጣ ማጓጓዣ በመጀመሪያ ያሰበው ዩናይትድ አየር መንገድ ነው፤ ያሰበውም ለራሱ ነበር። ከተማዋ «እንግዲያው ለመላው አየር ማረፊያ ይሁን» አለች። ሕንፃው ተጀምሯል፣ የመክፈቻው ቀን ተቆርጧል፣ የሥራው ስፋት ግን ተባዛ። አየር መንገዶቹ ደግሞ በየጊዜው ሌላ ለውጥ ይጠይቁ ነበር፤ የበረዶ መንሸራተቻ ዕቃ ማስተናገጃ ሳይቀር። ጋዜጠኞች ተጠርተው በታየው ሙከራ ሻንጣዎች ተቀዳደዱ፣ ልብስ ተበተነ። አየር ማረፊያው የተከፈተው በየካቲት 1995፣ ከአሥራ ስድስት ወር በኋላ ነው። ያን ጊዜም ማሽኑ የሚያገለግለው ዩናይትድን ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ሻንጣቸውን በተለመደው ጋሪ ይጎትቱ ነበር። በ2005 ዩናይትድም ተወው።

ልብ በሉ፣ ለመላው አየር ማረፊያ ይሁን የሚለው ሐሳብ በራሱ ሞኝነት አልነበረም። ጥፋቱ ሥራው ሲሰፋ ቀኑ ባለበት መቆሙ ነው።

«ታዲያ መፍትሔው ሁሉን ነገር በዝርዝር መጻፍ ነዋ!» የሚል ይኖራል። ኤፍ.ቢ.አይ. ይህን ሞክሮታል። የምርመራ መዝገቦቹን ከወረቀት ለማላቀቅ የጀመረው ሲስተም የፍላጎት ሰነዱ ከ800 ገጽ በላይ ነበር። ለውጡ ግን አላቆመም፤ 170 ሚሊዮን ዶላር የተመደበለት ሥራ በ2005 ተቋረጠ። ሰነድ ቢወፍር ዘበኛ አይሆንም። ዘበኛው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛው ይሉኝታ የሚገባው። ስብሰባ ላይ ኃላፊው «ይቺን ትንሽ ነገር ብቻ ጨምሩልኝ» ይላሉ። ፕሮግራመሩ ልጅ «እሺ» ይላል። በእኛ ቋንቋ «እሺ» አንዳንዴ «ሰምቻለሁ» ማለት ነው፣ አንዳንዴም «እርስዎን ላለማስቀየም» ማለት ነው። ኃላፊው ግን የሚሰሙት «እሠራዋለሁ» የሚለውን ነው። በማግስቱ ፋይናንስ ክፍል ሌላ «ትንሽ ነገር» ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ የሰው ኃይል። ሰኔ 30 ላይ በጀቱ ሲዘጋ ርክክብ ይፈረማል፤ ለወግ ያህል። ሐምሌ ላይ ሠራተኛው ወደ ኤክሴሉ ተመልሷል።

እኔ የማውቀው የሚሠራ ዘዴ ቀላል ነው። «አይሆንም» ማለት የለብንም፤ ለትልቅ ሰው ማለቱም ይከብዳል። «ይሆናል ጋሼ፤ አሥራ አምስት ቀን ይወስዳል። ቀኑ ይገፋ ወይስ ሪፖርቱ ወደሚቀጥለው ዙር ይተላለፍ?» ማለት ግን ማንንም አያስቀይምም። ጥያቄው በአንድ ገጽ ይጻፍ፦ ስንት ቀን፣ ስንት ብር፣ በምትኩ ምን ይውጣ። ፈራሚውም ስሙ አስቀድሞ የታወቀ አንድ ሰው ይሁን፤ ኮሚቴ ከሆነ ማንም አልፈረመም ማለት ነው። ገጹ ሲሞላ ከ«ትንሽ ነገሮቹ» ብዙዎቹ በባለቤቶቻቸው ይተዋሉ፣ ያውም ሳይኮራረፉ።

ይህ ሲባል ወሰኑ አይነኬ ነው ማለት አይደለም። አዋጅ ከተለወጠ ሲስተሙ ይለወጣል፤ ሌላ ምርጫ የለም። ውሉን እንደ ጋሻ ይዘው «ስኮፑ ውስጥ የለም» እያሉ ግልጽ ጉድለታቸውን የሚሸፍኑ ድርጅቶችም አሉ፣ ከመካከላችን ባለቤቶቻቸው ሳይኖሩ አይቀሩም። (ሳቅ)

የመጨረሻው ቃሌ ለመምህራኖቻችን ነው። የሲኒየር ፕሮጀክት ምዕራፍ አንድ ላይ «ወሰንና ውስንነት» የሚል ግማሽ ገጽ አለ። ተማሪው ካለፈው ዓመት ተመራቂ ገልብጦ ይሞላዋል፣ ፈታኙም ገልጦ ያልፈዋል። ዘንድሮ ዲፌንስ ላይ ከዚያ ገጽ ጀምሩልን። «ምን ሠራህ?» ከማለታችሁ በፊት «ምን እንድትጨምር ተጠየቅህ? ምኑን ተውከው? ማን ፈቀደልህ?» በሉት። አማካሪ መምህሩም በመጋቢት አዲስ ፊቸር ሲያዝዙ ያቺኑ አንድ ገጽ ሞልተው ይፈርሙ። ቅጹን አዘጋጅቼ በቂ ኮፒ ይዤ መጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ።