ስለ ክብደት መቀነስ በጠቅላላ ጉባኤያችን የተደረገ ንግግር



በ2014 ዓ.ም. የድንኳኑን ብረት ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ ትንፋሽ አጥሮኝ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። ስመዘን 96 ኪሎ ሆንኩ። ሐኪሙም ውፍረት ለስኳርና ለደም ግፊት እንደሚያጋልጥ ነገረኝ።

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በእግሬ መውጣት ጀመርኩ። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ዳገቱ ቀልድ አይደለም። ብቻዬን ሳለሁ በሦስተኛው ሳምንት ተውኩት። በኋላ ጎረቤቴ ማለዳ በሬን ሲያንኳኳ አፍሬ መነሳት ሆነ፤ 11 ኪሎ ቀነስኩ። በሁዳዴው 55 ቀን የቀነስኩትን በፋሲካ ሰሞን ግማሹን መመለሴንም አልደብቅም።

የሚያስቸግረኝ ለቅሶ ቤት ነው። «በሞቴ» ስትሉኝ እምቢ ማለት ያቅተኛል። (ዕድርተኛ ሆኖ በሞቴ ማለትስ ምን ይሉታል!) እባካችሁ፣ በቃኝ ካልኩ አትጨምሩልኝ። የሚፈልግ ካለ ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ሽሮ ሜዳ እንገናኝ።