የሚከራይ ቤት እንሥራ ወይ?
(ለማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



የቁጠባችን ገንዘብ ምን ላይ ይዋል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከመካከላችን ብዙዎቹ «የሚከራይ ክፍል እንሥራ» ብለዋል። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባናል። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ኪራሙ ባየችው መከራ ቤታችንን ጥለን የወጣን ጥቂት አይደለንም። ነቀምቴ ገብተን በአንድ ክፍል ስድስትም ሰባትም ሆነን ኪራይ ከፍለናል። ወር ሲሞላ የአከራይን ኮቴ ከሩቅ መለየት ተምረናል። እንዲህ ያለ ሰው «እኔም አንድ ቀን አከራይ በሆንኩ» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ገንዘቡ የሁላችን ነው፤ የጉልት፣ የአረቄ፣ የዶሮና የእንቁላል ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ቁጥሩ ለምሳሌ የተወሰደ ነው፤ እያንዳንዷ በሰፈሯ ዋጋ ትተካው።

አንድ ክፍል በ200,000 ብር ተሠራ እንበል። ወርሃዊ ኪራዩ 2,000 ብር ይሁን። በዓመት 24,000 ይመጣል ብለን እንዳንቸኩል። እዚህ ኪራሙ ክፍል የሚከራዩት በብዛት አስተማሪዎች፣ የጤና ባለሙያዎችና ነጋዴዎች ናቸው። ክረምት ሲገባ አስተማሪው ቁልፉን መልሶ ወደ አገሩ ይሄዳል። ስለዚህ አሥር ወር እንቁጠር፤ 20,000 ሆነ። ከዚያ ላይ ለምርግ፣ ለቆርቆሮ ጥገና፣ ለሽንት ቤትና ለግብር 4,000 እናንሳ። እጃችን የሚቀረው 16,000 ነው። ያወጣነው ገንዘብ ተመልሶ የሚገባው በ12 ዓመት ከመንፈቅ ነው ማለት ነው።

አሁን ያንኑ 200,000 ከመቶ 18 ወለድ ተበድረን ብንሠራስ? የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 36,000 ይሆናል። ቤቱ 16,000 እያመጣ ወለዱ 36,000 ይበላል። የጎደለውን ከጉልት እያመጣን የምንሞላ ከሆነ፣ ቤቱ እኛን አከራየን እንጂ እኛ ቤቱን አላከራየንም። በዚህ ላይ አቋማችን ቁርጥ ነው፤ ለሚከራይ ክፍል ብድር አንወስድም። ብድር ቶሎ ለሚዞር ንግድ ይሁን። (የሲንቄን ስም ባንክ ላይ ተጽፎ ስናይ ደስ ይለናል፤ ሲንቄ የኦሮሞ እናቶች መብታቸውን የሚያስከብሩበት በትር ነውና። ወለድ ግን በማንም ስም ቢመጣ ወለድ ነው።)

«እንግዲያው ገንዘቡ ባንክ ይቀመጥ» የምትል እህት ደግሞ ሐምሌ 2016ን ታስታውስ። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ብረትና ሚስማር የሚገዛ ሰው ልዩነቱን በኪሱ አይቶታል። ቤት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ቶሎ አያተርፍም፣ ነገር ግን እንደ ብር አይሟሟም። ስለዚህ ቁጠባችን ሲጠራቀም ብር ሆኖ ከሚቆይ ቆርቆሮ ሆኖ ቢቆይ ይሻላል። ባህር ዛፉን በበጋ፣ ቆርቆሮውን በየተራ እየገዛን እናስቀምጥ።

ከሂሳቡ ይልቅ የሚያስፈራን ግን ወረቀቱ ነው። ነቀምቴ ዳርና በሌሎችም ከተሞች ደላሎች «ርካሽ ቦታ አለ» እያሉ ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት በእጅ የተጻፈ ውል ብቻ ነው። ይህ የጨረቃ ቤት ነው። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሲመሠረት፣ ሕገ ወጥ ተብለው ብዙ ሺህ ቤቶች ፈርሰዋል። ከፈረሰባቸው መካከል ለዓመታት የኖሩበት፣ ገንዘብ ከፍለው የገዙት ነበሩ። አንድ ጊዜ ቤት ያጣች ሴት ሁለተኛ እንድታጣ አንፈልግም። ካርታ የሌለው ቦታ በግማሽ ዋጋ ቢመጣ እንኳ ውድ ነው።

የተሠራ ቤት የምንገዛም ከሆነ፣ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስትየዋ መፈረሟን እንይ። የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የቤተሰብ ሕጉ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ይህንን የምንለው ገዢዋን ከክርክር ለማዳን ብቻ አይደለም፤ ነገ የእኛው ቤት ሳናውቅ እንዳይሸጥም ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው ይናገራል። መብቱ የሚታየው ካርታው ላይ ስማችን ሲጻፍ ነው። ባለትዳር አባሎቻችን «በእሱ ስም ቢሆንስ ምን አለበት» ትላላችሁ። ምን እንዳለበት ባሎቻቸውን በዚያ ጊዜ ያጡ እህቶቻችንን ጠይቁ።

ሌላው የኪራሙ ቤታችንና መሬታችን ጉዳይ ነው። ተቸግራ ነቀምቴ የተቀመጠች እህት ዘንድ ደላላ ሄዶ «ማን ይመለሳል፤ ሽጪልኝ» ይላታል። የገጠር መሬት በሕግ አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። የከተማ ቤት ግን ይሸጣል፤ በጭንቅ ሰዓት ደግሞ በውኃ ዋጋ ይሸጣል። ደብተሯ የጠፋባት ወይም የተቃጠለባት ወደ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳ መዝገቡ ላይ ስሟን ታስፈልግ። ብቻዋን መሄድ የሚከብዳት ካለች ከማኅበሩ ሁለት ሴት አብረዋት ይሄዳሉ።

ክፍሉ ተሠርቶ ሲከራይስ? የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። በክልሎች የሚሠራው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። እኛ ግን አስገዳጅ ባይመጣብንም እንደዚያው ብንዋዋል እንመክራለን። ደግነት ብቻ አይደለም፤ ሁለት ዓመት የሚቀመጥ ተከራይ ባዶ ወሮቻችንን ይቀንስልናል። በየስድስት ወሩ ጨምሩ እያልን ብናስለቅቅ፣ የጨመርነውን አንድ ባዶ ወር ይበላዋል፤ የደላላውም ኮሚሽን አለ።

ስለዚህ ለዛሬው ስብሰባ የምናቀርበው ይህ ነው። ካርታ ያለውና ግቢው ሰፋ ያለ አባል፣ ከቤቷ ጎን አንድ ክፍል እንድትሠራ ማኅበሩ ቆርቆሮና ሚስማር ያቅርብ። ጭቃውን በደቦ እንረግጣለን። አባሏ የዕቃውን ዋጋ ከኪራዩ በየወሩ ትመልሳለች፤ ክፍሉ ባዶ በሆነባቸው ወራት አትጠየቅም። ቅድሚያው ባል ለሌላቸውና አሁንም በኪራይ ለሚኖሩት ይሁን፤ ለእነሱ ግን መጀመሪያ የሚሠራው ራሳቸው የሚገቡበት ክፍል ነው። በየወሩ የማይወጣ ኪራይም ገቢ ነውና። ደጋፊዎቻችንን የምንለምነው የቆርቆሮውን ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ፣ እንጨቱና ጉልበቱ ከእኛ ነው።

እጅ ከመውጣቱ በፊት ጥያቄ ያላት ትናገር።