ከአንድ አሮጌ ሲዲ የተማርኩት
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)

አስተባባሪዎቹ «ስለ ኮምፒውተር አንድ ነገር በለን፣ ግን አታርዝም» ብለውኛል። ስለዚህ የማወራችሁ ስለ አንድ ሲዲ ብቻ ነው።

ሲዲውን ያመጡልኝ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በካፋ ገጠር እየዞሩ ሽማግሌዎችን ጠይቀዋል፤ ስለ ጎሳ አመጣጥ፣ ስለ ደን፣ ስለ ማርና ስለ ቡና የሰሙትን በአማርኛ በኮምፒውተር ጽፈው፣ በኋላ ከፍሎፒ ወደ ሲዲ አስገልብጠውታል። የእጅ ጽሑፉ ጠፍቷል። «ከነገሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም» አሉኝ።

በላፕቶፔ ስንከፍተው የወጣው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነበር። ጋሼ ዝም ብለው አዩትና «ተበላሽቷል ማለት ነው?» አሉ።

አልተበላሸም። ያኔ ለግዕዝ ፊደል የጋራ ኮድ አልነበረም። ፊደላችን ከ200 በላይ ነው፤ የዚያን ጊዜ አንድ ፎንት ግን ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው፣ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለሌላ ሥራ የተያዘ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሠሪ ፊደሉን በራሱ መንገድ ደለደለው። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ የጻፋችሁ ሁሉ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሰነዳችሁ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ።

የጋሼ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ፕሮግራሙ የራሱ የፋይል ዓይነት ስላለው ፎንት መጫን ብቻ አይበቃም፤ ፕሮግራሙ ራሱ መነሳት አለበት። ደግነቱ ፕሮግራሙም ሲዲው ላይ ነበር፤ የምዝገባ ቁጥሩንም በወረቀት ይዘውታል። ችግሩ ባለ 16 ቢት ነው፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ እንዲህ ያለውን አያስነሳም።

ቨርቹዋላይዜሽን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ቤቱን ያከራያል፤ አሮጌው ሥርዓት እንግዳ ሆኖ አንዷ ክፍል ውስጥ ይኖራል። እንግዳው የራሱ ሚሞሪና የራሱ ዲስክ ያለው ይመስለዋል፤ ዲስኩ ግን ለእኛ አንድ ፋይል ብቻ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ጫንኩ፤ 512 ሜጋባይት ሚሞሪና 10 ጊጋባይት ዲስክ ሰጠሁት፤ ከሞተ ዴስክቶፓችን በቀረው ፈቃድ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ኤክስፒ አስገባሁ። ኔትወርኩን ዘጋሁት፤ ኤክስፒ የደህንነት ማሻሻያ ማግኘት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነውና ኢንተርኔት ላይ መውጣት የለበትም። ሲዲውንም ደጋግሜ ከማስነብበው ሙሉ ቅጂውን አውጥቼ በዚያ ሠራሁ።

ፋይሉ ተከፈተ። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው የመጀመሪያውን ሽማግሌ ስም ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ግን ሥራው በዚህ አላለቀም። ገጹን በፒዲኤፍ አወጣነው፤ መልኩ ተጠበቀ፣ ጽሑፉን ሲገለብጡት ግን ያው ዝብርቅርቅ ነው። ስለዚህ እሳቸው እያነበቡ እኔ በዩኒኮድ እንደገና ጻፍኩት። ያን ጊዜ ነው ዋናው ነገር የገባኝ። በመካከሉ የካፍኛ ቃላት አሉ፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደሉ አያሳይም። እሳቸው ያርሙኛል፤ ማሽኑ አያርመኝም። ቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራሙን ይመልስልናል፤ የሚያነበውን ሰው ግን አይመልስም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። መምህራን፣ አሮጌ ኮምፒውተር ከመወገዱ በፊት ውስጡን እዩት። የቀድሞ ተማሪዎች፣ ቤታችሁ ያለውን ፍሎፒና ሲዲ ዛሬ ነገ ሳትሉ አስገልብጡ፤ ፕሮግራሙንና የምዝገባ ቁጥሩንም አትጣሉ። ከሁሉ በላይ፣ የጻፈው ሰው በሕይወት እያለ አብራችሁት ቁጭ በሉ።

የጋሼ ሥራ ገና አላለቀም። ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለን።